የሽቦ መኪናው ሞተር ይገጠምለት፦ የጀማሪ ሮቦት ሠሪዎች ማኒፌስቶ

ሽቦ አጣምሞ፣ ቆርኪውን ጎማ አድርጎ፣ በረጅም መሪ መኪናውን በሰፈሩ የሚነዳ ልጅ መሐንዲስነትን ጀምሯል። ሻንሲውን ሠርቷል፤ መሪው ሲዞር የፊት ጎማው አብሮ እንዲዞር አድርጓል። ይህን ማንም መምህር አላሳየውም። የጎደለው ሞተር፣ ባትሪና ሞተሩን የሚያዝ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እኛ የተነሳነው ያንን ለመጨመር ነው።

ሰው መሳዩዋ ሮቦት ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ አገር ጉድ አለ። በፕሮግራሟ የአገራችን ኩባንያ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች እጅ እንዳለበት ስንሰማም ኮራን። ደግ ነው። ግን ሮቦት የግድ የሰው ፊት አያስፈልገውም። አካባቢውን የሚያውቅበት ሴንሰር፣ የሚወስንበት ፕሮግራም፣ የሚንቀሳቀስበት ሞተር ካለው አካሉ የጫማ ካርቶን ቢሆንም ሮቦት ነው።

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. ሲጀመርም ደስ ብሎናል። ለታዳጊ ልጅ ግን ስክሪን ብቻውን አይበቃም እንላለን። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሲይሞር ፓፐርት ይህን ቀድሞ አይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ሠራ፤ ቆይቶም በዚያው ቋንቋ የሚታዘዝ፣ ወለል ላይ የሚሄድ «ኤሊ» ሮቦት ለልጆች ቀረበ። ልጁ ስሕተቱን ወለሉ ላይ ያየዋል።

የርቀት ሴንሰርን እንውሰድ። ሴንሰሩ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ማሚቶው እስኪመለስ ይጠብቃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሚቶው በ2 ሚሊሰከንድ ከተመለሰ ግድግዳው ያለው 34 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ድምፁ ሄዶ መጥቷልና። ለሁለት ማካፈል የረሳች ልጅ ሮቦቷ «ገና 68 ሳንቲ ሜትር አለኝ» ብሎ ሲንደረደር ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ማካፈል ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

የውጭ ኪት እስኪመጣ አንጠብቅም። ሌጎ ማይንድስቶርምስ የተባለውን የሮቦት ኪት እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ አውጥቶ በ2022 መጨረሻ ሽያጩን አቁሟል፤ በእሱ ላይ ብቻ የቆመ የሮቦት ክበብ አብሮት ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ የተጀመረው አርዱይኖ የተባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ግን ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም መርምሮ ሊሠራው ይችላል። የቀረውን የመርካቶው ምናለሽ ተራ ይሰጠናል፤ ከተበላሸ ፕሪንተር ሞተርና ጥርሳ ጥርስ፣ ከዲቪዲ ማጫወቻ ትንንሽ ሞተሮች ይወጣሉ። (ማይክሮዌቭና የድሮ ቴሌቪዥን ልጆች አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛሉ።)

እንዳይሰበር ተብሎ ዕቃ የሚቆለፍበት ክበብ ክበብ አይደለም። ሞተርን በቀጥታ ከአርዱይኖ ፒን ጋር የሚያገናኝ ጀማሪ አይጠፋም፤ አንዱ ፒን ቢበዛ 40 ሚሊ አምፔር ነው የሚችለው፣ ሞተሩ ግን ከዚያ በላይ ይስባል። ሰሌዳው ይቃጠል ይሆናል። ይቃጠል! ለሞተሩ የሚበቃውን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ድራይቨር በመሐል መግባት እንዳለበት ያ ልጅ ለሌላው ያስተምራል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ።

ወንዶቹ መበየጃ ይዘው ሴቶቹ ማስታወሻ የሚጽፉበትን ቡድንም አንቀበልም። ለዚህ ማብራሪያ አንሰጥም።

የምንሠራው ለኤግዚቢሽን ጭብጨባ አይደለም። አፈሩ ሲደርቅ ጓሮውን የሚያጠጣ፣ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ማሽን ሠርተን በየቤታችን እናስገባለን።

መምህራን ሆይ፣ ዕቃው የተቆለፈበትን ቁም ሳጥን ክፈቱት። ወላጆች ሆይ፣ የተበላሸውን ፕሪንተር ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት የሰፈሩን ልጆች ጥሩ።