ስንት ጎማ? ስንት ጥማድ?

«ሐዲድ በሌለበት አገር ስለ ባቡር ጎማ ምን ያስወራሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሁሩሙ ባቡር ደርሶ አያውቅም። ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ የሚያልፈው ሚኒባስና ቡና የጫነ አይሱዙ ነው። ቃሉ ግን ሐዲዱን ሳይጠብቅ ገብቷል። በኦሮምኛ ወፍጮ ቤት «መነ ባቡራ» ይባላል፤ በአማርኛም በብዙ ገጠር እህል የሚፈጨው «ባቡር» ነው። የቃሉ ምንጭ አውሮፓውያን እንፋሎትን የሚጠሩበት ስም ነው። እንፋሎቱ በመንገድ ቀረ፣ ስሙ ወፍጮው ላይ አረፈ። ቃል ድንበር ሲሻገር ጓዙን ሁሉ ይዞ አይሻገርም።

ቁጥርስ? ብዙዎቻችን ቁጥር ትርጉም አይፈልግም ብለን እናስባለን። 5 በየትኛውም ቋንቋ 5 ነው፣ አይደል? እንደዚያ እንዳልሆነ ለማሳየት ከጀርመን የእንፋሎት ባቡሮች የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባቡር ሰዎች ሎኮሞቲቭን፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን፣ የሚለዩት በጎማዎቹ አደራደር ነው። ከፊት ክብደት የሚሸከሙ ትንንሽ ጎማዎች ይኖራሉ፤ መሀል ላይ በእንፋሎት ኃይል የሚነዱት ትልልቆቹ አሉ፤ ከኋላ ደግሞ አንዳንዴ ሌሎች ተሸካሚዎች ይጨመራሉ። እንግሊዞች እያንዳንዱን ጎማ ይቆጥራሉ። ጀርመኖች የሚቆጥሩት ግን ሁለት ጎማ የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ጋራዥ ውስጥ አክስል የምንለውን ነው። በገበሬ ቋንቋ፣ እንግሊዙ በሬ ሲቆጥር ጀርመኑ ጥማድ ይቆጥራል። በዚያ ላይ ጀርመኑ ለሚነዱት ዘንጎች በቁጥር ፋንታ ፊደል ይሰጣል፤ ቢ ሁለት፣ ሲ ሦስት፣ ዲ አራት፣ ኢ አምስት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን በብዛት ያመረተችውን፣ ከ6,000 በላይ የተሠራውን «52» የተባለ ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። በጀርመን አጻጻፍ «1ኢ» ነው። በእንግሊዝ «2-10-0» ይሆናል። ፈረንሳዮች እንደ ጀርመኖቹ ዘንግ ቢቆጥሩም ፊደል አይጠቀሙም፤ «150» ይሉታል። ቱርኮች መጀመሪያ የሚነዱትን ዘንጎች፣ ቀጥሎ ጠቅላላውን ይጽፋሉ፤ 5 እና 6፣ ስለዚህ «56»። አንድ ብረት፣ አራት ስም። ደግሞ ሁሉም ልክ ናቸው።

እስከዚህ ያለው ሒሳብ ነው፤ በ2 ማባዛትና ማካፈል። ጣጣው የሚመጣው ማባዛት የማይመልሰው ነገር ሲኖር ነው። ጀርመኖች ከቁጥሩ ወይም ከፊደሉ አናት አጠገብ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ። ጭረቷ «እነዚህ ጎማዎች ከዋናው ቻሲስ ጋር አልተያያዙም፣ ኩርባ ላይ ለብቻቸው ይዞራሉ» ትላለች። ከምፅዋ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ የገባውን ሐዲድ አስቡት፤ ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በዚያ መንገድ የሠሩት ማሌ የሚባሉ ሎኮሞቲቮች ሁለት የጎማ ቡድን አላቸው፤ የፊተኛው ይዞራል፣ የኋለኛው አይነቃነቅም። በጀርመን አጻጻፍ ከሁለቱ «ቢ» ፊደላት ጭረት ያላት የፊተኛዋ ብቻ ናት። እንግሊዙ ግን «0-4-4-0» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ቡድኖች የሚዞሩበት ሌላ ዓይነት ሎኮሞቲቭም በእንግሊዝ ያው «0-4-4-0» ነው። ቁጥሩ በትክክል ተተረጎመ፤ ኩርባውን ያሳለፈው ብልሃት ግን ጠፋ።

ቃላቱማ ይብሳሉ። ጀርመንኛው «ቴንደርሎኮሞቲቭ» የሚለው ውሃውንና ከሰሉን በራሱ ላይ የተሸከመውን ነው። በእንግሊዝኛ «ቴንደር» ያለው ሎኮሞቲቭ ሲባል ግን ውሃና ከሰሉን ከኋላው በተቀጠለ ጋሪ የሚጎትተው ማለት ነው። ቃሉን እንዳለ ያሻገረ ተርጓሚ ተቃራኒውን ማሽን አስረከበን። ከሥሩ ቀይ መስመር አይሰመርበትም፤ ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ሰዋስዉም ልክ ነው። ስህተቱን የሚያየው ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«እሺ፣ እኛን ምን አገባን?» ውጭ ያለ ዘመዳችሁ «3 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ሲላችሁ «በማን ሰዓት?» ትሉ የለ? ያው ነው። የሰዓቱ ቢበዛ ስልክ ያስመልጣል፤ የቡናው ግን ኪስ ይነካል። ኒውዮርክ ላይ የአረቢካ ዋጋ የሚጠራው ለአንድ ፓውንድ፣ ያውም በአሜሪካ ሳንቲም ነው። እኛ ጋ በንግዱ ፈረሱላ አለ፤ 17 ኪሎ፣ ወደ 37 ተኩል ፓውንድ መሆኑ ነው። ገበሬው ደግሞ ቀይ እሸቱን በኪሎ ይሸጣል፤ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት በግምት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ይፈልጋል። ስልኩ ላይ «300» ያየ ልጅ ለአባቱ «ቡና 300 ገባ» ቢላቸው ቁጥሩን አደረሰ እንጂ የተቆጠረውን አላደረሰም። 300 ሳንቲም ለፓውንድ ማለት ለፈረሱላ 112 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የማዘጋጃው፣ የማጓጓዣውና የነጋዴው ድርሻ ይነሳል፤ ወደ እሸቱ የሚወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «መረጃ ያለው ያተርፋል» ይባላል። እኔ የምጨምረው፣ መረጃው ዛሬ ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ የሚያተርፈው ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው መሻገር የሚችለው ነው።

የአገራችን ባቡርም ቋንቋ ሲቀያይር ነው የኖረው። አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ «ለገሃር» ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር ደግሞ ከነማሽኑ ከቻይና መጣ። ዕቃ የሚጎትቱት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አደራደር «ኮ-ኮ» ይባላል። ይህም የዚያው የጀርመን አቆጣጠር ልጅ ነው፤ «ሲ» ሦስት ዘንግ ናት፣ አጠገቧ ያለችው «ኦ» ደግሞ እያንዳንዱ ዘንግ ለብቻው ይነዳል ትላለች። «ኮ-ኮ»ን እንደ ስም የሸመደደ ቴክኒሻን ስም ያውቃል። ፊደሎቹን ማንበብ የሚችለው ግን ስድስት የሚነዱ ዘንጎች እንዳሉ ማሽኑን ሳይከፍት ያውቃል።

«ለምን ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ ቀይረን አንገላገልም?» የሚል መልስ አውቃለሁ። አንድ መለኪያ ወጪ ይቀንሳል፣ አልክድም። ግን ያቺ ጭረት ምን እንደሆነች አይተናል። ሁሩሙ ያለ ተማሪ ሳይንስን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ 9ኛ ላይ እንግሊዝኛ ይቀበለዋል። በዚያ መሻገሪያ ላይ ቃል ብቻ ከተሰጠው የሚሸመድደው ስም ነው።

ስለዚህ መማሪያ የምትተረጉሙ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ሳይንስ የምታስረዱ ሁሉ፣ ከቃሉ በፊት «እዚህ ምንድን ነው የተቆጠረው?» በሉ። የመጀመሪያውን አጻጻፍ አትጣሉት፤ ከትርጉሙ ጎን አስቀምጡት። ቃሉ ከሌለን በሦስት ቃል እናብራራው፤ ከሚያምር የተሳሳተ ስም ይሻላል። ለዚህ ሐዲድ ኢሉባቦር እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም። ነገ ስልካችሁ ላይ የቡና ዋጋ ስታዩ፣ ለቤተሰብ ከመንገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ በምን ተቆጥሮ?