«ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቤት አይከራይም» ለሚሉ ወገኖች የተሰጠ መልስ



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ በቅጡ ሳንነጋገርበት ሊጸድቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ሐሳቡም «18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ መኖር በሕግ ስለማይፈቀድለት በሠፈራችን ቤት እንዳይከራይ፣ የተከራየም ካለ እንዲለቅ» የሚል ነው። ያጨበጨበው ሰው ብዛት ይገርማል። ልብስ ከማስጫው ተሰረቀ፣ ማታ ማታ ጩኸቱ አላስተኛን አለ ተብሎ ነው። ችግሩ የለም አልልም። መፍትሔው ግን ሕጉን ገልጦ ያላየ ሰው መፍትሔ ነው።

አስቀድሜ ልናገርና እኔም በግቢዬ ሁለት ክፍል ለተማሪ አከራያለሁ። «ለኪራዩ ብላ ነው» የሚል ይኖራል፤ ይበል።

እስቲ እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ከቦረና ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች፣ አንዳንዶቹም ከዓባይ በኩል ካለው ቆላ የመጡ ናቸው። ባገራቸው አንደኛ ደረጃውን ጨርሰው ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የሚቀጥለው ትምህርት ቤት በእግር ሄዶ ለማደር እንጂ ለመመለስ አይመችም። ስለዚህ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አባት በገበያ ቀን ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ በሶውን በአህያ ጭኖ ይመጣና «እትየ፣ አደራሽን፤ ካጠፋ እንደ ልጅሽ ቅጭው» ብሎ ይሄዳል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ዕድሜው ስንት ነው? አሥራ አምስት ቢሆን ነው። በስብሰባው ሐሳብ ከሄድን፣ የገበሬ ልጅ ሦስት ዓመት ቤቱ ተቀምጦ ከብት ጠብቆ ይምጣ ማለታችን ነው። የከተማው ልጅስ? እሱማ እናቱ ቤት ነው፣ ምን ቸገረው!

ወደ ሕጉ እንምጣ። አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ዓመት መሆኑ እውነት ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እንዲህ ይላል፤ ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። ልጁ ያለ አሳዳሪው ፈቃድ ከተወሰነለት መኖሪያ ሊወጣ አይችልም መባሉም ልክ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የልጁን መኖሪያ የሚወስነው ማን ነው? አሳዳሪው ነው፣ ማለትም አባትና እናት። አባት ልጁን እጁን ይዞ አምጥቶ እኔ ግቢ ካኖረው፣ ልጁ ከቤት የወጣ ሳይሆን ወላጁ በመረጠለት ቦታ የሚኖር ነው። ሕጉ «ከእናትህ ጣሪያ ሥር ብቻ እደር» አላለም። ያለ ወላጅ ፈቃድ በራሱ ለመኖር ለሚሻ ልጅ ደግሞ በፍርድ ቤት ነጻ የሚወጣበት መንገድ አለ፤ ያ ግን የአከራይና የተከራይ ጉዳይ አይደለም፣ የዳኛ ነው።

በስብሰባው አንድ ሰው ተነስቶ «ሴቷ ካገባች በሕግም ነጻ ናት፤ ትዳሯ» አለ፤ ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጋብቻ ልጅን ነጻ ያወጣል መባሉ በሕጉ አለ፤ ነገር ግን ጋብቻው ራሱ 18 ዓመት ይጠይቃል። የሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 የነበረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፤ ያ ቀርቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባን ሰው ዕድሜዋ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል። እንግዲህ ከግቢያችን የምናስወጣት ልጅ የምትመለሰው ወዴት ነው? በ2015 ዓ.ም. ማገባደጃ በክልላችን ግጭት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጅ ቤት ሲውል ሽማግሌ ደጅ መጥናቱን ሁላችንም እናውቃለን። ከጋብቻ ሸሽታ የመጣችን ልጅ «ሕግ ነው፣ ወደ አባትሽ ሂጂ» ብሎ መሸኘት ለወንጀል መተባበር ነው። የእሷ ጉዳይ ለፖሊስና ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ነው የሚነገረው።

መጨከን ካማራችሁ የምትጨክኑበት ቦታ ላሳያችሁ። ደላላው! የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መታወቂያ ላይ ዕድሜ ተጨምሮላት ወደ ዓረብ አገር ስትሸኝ እኛው ሠፈር ድግስ እንበላለን። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሠራተኛዋ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ለዚያ ዕድሜ የመሰከርነው ምስክሮች እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጠን እናጨበጭብ ነበር። ለትምህርት የመጣው ልጅ ሕፃን ነው፣ ለስደት የምትሄደዋ ግን ትልቅ ናት? ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ስለዚህ እኔ የምለው እንዲህ ነው። ውሉን ልጁ ሳይሆን ወላጁ ይፈርም፤ ሁለት ምስክር ይኑር፣ የወላጁ ስልክና ቀበሌ ይመዝገብ፣ አንድ ቅጂ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ። ልጅ ሲያጠፋ ወላጅ ይጠራ። ፈራሚ ወላጅ የሌለው ልጅ ከመጣ አናባርረውም፤ ለምን እንደመጣ እንጠይቀዋለን። አከራዩም የግቢውን በር በጊዜ ይዝጋ፣ ኪራይ ተቀብሎ መተኛት ብቻ አይደለም። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው፤ አምና ሁለት ልጆች ታመው ሦስት ቀን ሲተኙ የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ሐሳቡ እንደቀረበው ለድምፅ ከመጣ እኔ እጄን አላወጣም።

አንዲት የሠፈሩ አከራይ