«ደሙ ነው» አትበሉን!

ሰፈራችን ውስጥ የአንድ ልጅ ጉብዝና ሲነሳ ሁለት ቃል ይበቃል፦ «ደሙ ነው»። ሰነፍ ከሆነም ያው ነው፣ «ደሙ ነው»። ዘር ከልጓም ይስባል እየተባልን አድገናል። ትምህርት ቤት ደግሞ ካርዳችን ላይ «ደረጃ» የምትል ሳጥን ነበረች፤ 1ኛ የወጣውንም 47ኛ የወጣውንም ዓመቱን ሙሉ በስሙ ፋንታ የምታስጠራ። እናም «የማሰብ ችሎታህን ከደም ጠብታ እናነብልሃለን» የሚል ወሬ ሲመጣ እኛ ዘንድ ሰሚ ጆሮ አያጣም። ሳይንሱን እናከብራለን። ዛሬ የምንጣላው ከአነባበቡ ጋር ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ እየቆጠርን)። ዲኤንኤ ስንወለድ የተሰጠን መጽሐፍ ነው ካላችሁ፣ ኤፒጄኔቲክስ ደግሞ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የሚደረገው ምልክት ነው። ከምልክቶቹ በብዛት የሚጠናው ሜቲሌሽን ይባላል። ሜቲል የተባለች ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቅንጣት ዲኤንኤው ላይ ትለጠፍና አንድ ዘረመል ምን ያህል ይሥራ የሚለውን ለመወሰን ታግዛለች። ፊደሉ ያው ነው። ምልክቱ ግን ከዕድሜ፣ ከምግብ፣ ከጭስና ከበሽታ ጋር ይለዋወጣል።

በ2022 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የተመሩ ተመራማሪዎች ከ9 ሺህ በላይ ስኮትላንዳውያን የሰጡትን ደም ከአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ጋር አስተያይተው «ጂኖም ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት አወጡ። ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲታዩ፣ በሰዎቹ መካከል ካለው የውጤት ልዩነት 35 በመቶ የሚሆነውን ይገልጻሉ አሉ። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ወሬ አራጋቢም ይዞት የሚሮጠው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከዚያ የተሠራው ቀመር አይቷቸው በማያውቅ ሌሎች ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ከዘረመል ውጤት በላይ የጨመረው 4 በመቶ ገደማ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም፤ በጽሑፋቸው አጭር መግለጫ ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። የዘለልነው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

4 በመቶ በተራ አማርኛ ምን ማለት ነው? ሁለት ሰዎች በዘፈቀደ ምረጡና «በፈተናው የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብላችሁ ቀመሩን ጠይቁት። ስሌቱን ሠርተነዋል፤ ከ100 ጊዜ 56 ጊዜ ያህል ልክ ይሆናል። ሳንቲም ብትወረውሩ ደግሞ 50 ጊዜ ያህል ልክ ትሆናላችሁ። ለዚህች ለ6 ነጥብ ነው እንግዲህ ክንዳችንን ለመርፌ የምንዘረጋው!

ለንጽጽር ያህል፣ በዚያችው ስኮትላንድ በጁን 1947 ከ70 ሺህ በላይ የ11 ዓመት ልጆች በወረቀትና በእርሳስ ተፈትነው ነበር። ከእነሱ ከ1 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ወደ 70 ሲጠጋ ተፈልገው እንደገና ተፈተኑ። ያ የልጅነት ወረቀት ስለ እርጅና ውጤታቸው ከደሙ ቀመር እጅግ የተሻለ ተናግሯል። ሰው ምን ያህል እንደሚያስብ ማወቅ የፈለገ፣ መርፌ ከሚያዘጋጅ ጥያቄ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ታዲያ ደሙ የሚናገረው ምንድን ነው? የኖርነውን ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ኤኤችአርአር በተባለው ዘረመሉ ላይ ያለው የሜቲል ምልክት ይቀንሳል፤ ማጨሱን ካቆመም በኋላ አሻራው ለዓመታት ይቆያል። የሰውነት መቆጣትም፣ ውፍረትም እንዲሁ አሻራ ይተዋሉ። የስኮትላንዱ ቀመር ራሱ ከሰውነት መቆጣት ጋር ከሚያያዙ ፕሮቲኖች ጋር ዝምድና ተገኝቶበታል። ዝምድና ደግሞ ምክንያት አይደለም። ድሃ ሆኖ ያደገ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ በጭንቀት ሲጋራ የጀመረ ሰው ፈተናው ላይም ደሙ ላይም ይታያል። ደሙን አይተን «አእምሮው ይኸው» ካልን፣ ጥላውን ይዘን ሰውየውን ያሰርን መስሎናል።

ይህ ጉዳይ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1944 እና 45 ክረምት ሆላንድ ውስጥ ረሃብ ገብቶ ነበር። በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ያኔ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ በአንድ ከእድገት ጋር በተያያዘ ዘረመል ላይ ያለው ምልክታቸው ከወንድም እህቶቻቸው የተለየ ነበር። የእኛን የ77ቱን ረሃብ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ በ2014 ባወጡት ሥራ፣ ረሃቡ ሲበረታ ከ3 ዓመት በታች የነበሩ ልጆች አድገው ቁመታቸው ቢያንስ በ5 ሳንቲሜትር ማነሱን፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም መቀነሱን ጽፈዋል። እንግዲህ የዚያን ሕፃን ደም ዛሬ ወስዳችሁ ዝቅ ያለ ቁጥር ብታነቡበት ምን ትሉታላችሁ? «ደሙ ነው»? ደሙ አይደለም። ረሃቡ ነው።

የሚያስፈራንም ይኸው ነው። ቁጥሩ ከታሪኩ ተነጥሎ ለቀጣሪ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለኢንሹራንስ ሲደርስ ፍርድ ይሆናል። ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት አሜሪካ በ2008 የወጣው የዘረመል አድልዎ ሕግ ቀጣሪንና የጤና ኢንሹራንስን ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ከዚህም በላይ ሕጉ «የዘረመል ምርመራ» ሲል የሚያወራው ስለ ፊደሉ ለውጥ ነው፤ በኅዳጉ ስላለው የእርሳስ ምልክት በግልጽ አይናገርም። ሕግ አውጪው በሩን ቆልፎ መስኮቱን ረስቶታል። ቀመሩ የተሠራው ደግሞ በስኮትላንዳውያን ደም ነው። አዲስ አበባ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሐበሻ ያችን 4 በመቶ እንኳ እንደሚሰጥ ማን ዋስ ሆነ?

«ታዲያ የመርሳት በሽታን አስቀድሞ ማወቅ አይጠቅምም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይጠቅማል። በሜይ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ያ ምርመራ የሚለካው ከበሽታው ጋር የሚያያዙ ፕሮቲኖችን ነው፤ የተፈቀደውም ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑና ምልክት ለታየባቸው ሰዎች፣ በስፔሻሊስት እጅ ነው። በሽታ መፈለግና ለሰው ደረጃ ማውጣት ለየቅል ናቸው። ኤፒጄኔቲክሱም ለብዙ ሰዎች በአንድነት ሲታይ፣ የቱ የኑሮ ጫና አእምሮን እንደሚጎዳ ሊያሳየን ይችላል። ለዚያ ይዋል፤ ደማችንንም እንሰጣለን።

ለአእምሯችን የሚበጀውን ግን ቀመሩ እስኪያድግ አንጠብቅ። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 14 መንስኤዎችን ቆጥሮ፣ እነሱ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ዝርዝሩ ውስጥ የደም ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ ሲጋራ አለ፣ የተበከለ አየር አለ፣ ትምህርት ማጣት አለ፣ መስማትና ማየት መድከም አለ፣ ብቸኝነት አለ። የእናታችሁን ግፊት ማስለካት የኤድንብራን ላቦራቶሪ አይፈልግም። የአባታችሁን መነጽር ማስቀየርም እንዲሁ።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማንም ሰው በደሙ ምልክት ተለክቶ ሥራ፣ ትምህርት ወይም ኢንሹራንስ አይነፈግ፤ ይህም ዘረመሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም በስሙ ጠርቶ በሕግ ይጻፍ። ሁለተኛው ለእናንተ ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ «ደሙ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ልጁ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሄዶ እንደሆነ ጠይቁልን።