ጠያቂና መላሽ እንበል



በዚህ ዓመት በኤሌክትሪክ ወርክሾፓችን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ከመምህራኑ ጋር ደጋግሞ ያነጋገረን በአንድ ገመድ የተያያዙ የአራት ትናንሽ ሣጥኖች ጉዳይ ነው። ሣጥኖቹ ፒ.ኤል.ሲ. ይባላሉ፤ በፋብሪካ ውስጥ ፓምፕና ሞተር የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሣጥኖቹን ሞድበስ በተባለው የመገናኛ ደንብ እርስ በርስ አነጋገሯቸው። ደንቡን ሞዲኮን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሲሆን ዛሬም በብዙ ፋብሪካዎች ይሠራበታል።

በዚህ ደንብ በገመዱ ላይ የሚጠይቀው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ሌሎቹ ካልተጠየቁ አይናገሩም። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ጠያቂውን «ማስተር»፣ ሌሎቹን «ስሌቭ» ሲሉ ኖረዋል። እኛም ለተማሪዎች በታደለው የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «ጌታ» እና «ባሪያ» ተብሎ ሲተረጎም አይተን፣ ፈርመን አሳለፍነው። ምንም አልታየንም።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ ለሣጥኖቹ ቁጥር ሲሰጡ አንዱ ወደ ጓደኛው እያመለከተ ቀለደ። ቀልዱን እዚህ አንደግመውም። ክፍሉ ሳቀ። የተቀለደበት ልጅ ሁለት ሳምንት ወርክሾፕ አልገባም። እናቱ ወደ ቢሮ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄን የላክሁት ማሽን እንዲማር ነበር» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

እዚህ ናይሮቢ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የኢትዮጵያውያን፣ የኤርትራውያን፣ የደቡብ ሱዳናውያንና የኬንያውያን ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። ለእነሱ ያ ቃል የማሽን ቃል አይደለም። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ በአያቶቻችን ዘመን ማለት ነው። አዋጁ ሥርዓቱን ሻረ፤ ቃሉ ግን በሰው መልክና በትውልዱ ላይ የሚወረወር ስድብ ሆኖ ቀረ።

«የሙያ ቃል የሙያ ቃል ነው፤ ሣጥን አይሰደብም፤ ተማሪው ነገ በሥራ ቦታ ማኑዋሉ ላይ ያገኘዋል» የሚሉን አሉ። የመጨረሻው ነገር እውነት ነው። ስለዚህ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ቃል በድሮ ማኑዋል ላይ ሲያየው እንዲያውቀው እናስተምረዋለን። ነገር ግን ደንቡን የሚያስተዳድረው የሞድበስ ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለቱን ቃላት ትቶ «ክላየንት» እና «ሰርቨር» ብሏል። ባለቤቱ የተወውን ቃል እኛ በአማርኛ የምንይዝበት ምክንያት የለም።

ከዚህም ሌላ፣ ቃሉ ሥራውን በትክክል አያስተምርም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ለሣጥኖቹ የወጣው ስም ግን ተማሪዎቻችንን አሳስቷቸዋል። አንድ ሣጥን ዝም ሲል፣ «ለምን አይታዘዝም?» እያሉ ያንኑ ትእዛዝ መላልሰው ላኩ። መምህሩ «ጠያቂ» እና «መላሽ» በሉ ካሏቸው ወዲህ የሚጠይቁት ጥያቄ ተለወጠ።

መጀመሪያ፣ በስሙ ተጠርቷል ወይ? እያንዳንዱ መላሽ ከ1 እስከ 247 ካሉት ቁጥሮች የራሱ አንድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። 0 ለሁሉም በአንድነት የሚነገር መልእክት ነው፤ ማንም አይመልስለትም። ልጆቹ ለሁለት ሣጥኖች ቁጥር 2 ሰጥተው ነበርና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመልሱ መልእክቱ ተደበላለቀ። መምህሩ፣ «አንድ ስም ስጠራ ሁለት ሰው አቤት ቢለኝስ?» ሲሏቸው ወዲያው ገባቸው።

ሁለተኛ፣ በሚገባው መንገድ ተጠይቋል ወይ? በገመዱ ላይ ያሉት ሁሉ ፍጥነታቸውና የመልእክታቸው ቅርጽ አንድ መሆን አለበት፦ ለምሳሌ በሰከንድ 19200 ቢት፣ 8 የዳታ ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት። ፓሪቲ ከሌለ ስቶፕ ቢቱ 2 ይሆናል። አንዱ ሣጥን በ9600 ተስተካክሎ ሌሎቹ በ19200 ቢሠሩ፣ ያ ሣጥን ድምፅ ይሰማል እንጂ ቃል አይሰማም። ያልገባውን መልእክት ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዝምታው እምቢታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ተሰጥቶታል ወይ? አንድ መልእክት ማለቁ የሚታወቀው ሦስት ተኩል ፊደል ለመላክ የሚወስደውን ያህል ጸጥታ ሲኖር ነው፤ በ9600 ፍጥነት ይህ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ነው። ጠያቂውም መልሱ እስኪደርስ የሚጠብቅበት ጊዜ አለው። ያ ጊዜ ካጠረ መልሱ መንገድ ላይ ሳለ ጠያቂው ወደ ሌላው ያልፋል፤ ጥፋቱ ግን በመላሹ ይሳበባል።

የገመዱም ነገር ይታያል፦ ከሣጥን ወደ ሣጥን በአንድ መስመር መሄድ እንጂ እንደ ኮከብ መበተን የለበትም፤ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው «ሣጥኑ ተበላሽቷል» የሚባለው።

ማዘዝን ብቻ የተማረ ልጅ ችግር ሲገጥመው ድምፁን ይጨምራል። መጠየቅን የተማረ ግን አስቀድሞ የራሱን አጠያየቅ ይመረምራል። የምንፈልገው ባለሙያ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የወርክሾፑ ጽሑፍ ሁሉ «ጠያቂ» እና «መላሽ» በሚሉት ቃላት እንደገና ይታተማል። በፋብሪካና በውኃ ሥራ የምትሠሩ ወላጆች ከዚህ የተሻለ ቃል ካላችሁ አምጡልን፤ በደስታ እንቀበላለን። በየቤታችሁም ያ ስድብ በቀልድ ስም እንዳይነገር አደራ እንላለን፤ ልጆቹ ወደ ክፍል ይዘውት የሚመጡት ከእኛ ከትልልቆቹ ሰምተው ነውና።

ልጁ ወደ ወርክሾፑ ተመልሷል። ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ የጠየቅነው ግን እናቱ ቢሮ ድረስ ከመጡ በኋላ ነው። ጽሑፉ ላይ ስንፈርም ማየት ነበረብን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።