ከአሥሩ ውጭ የቀረው ዘፈን

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የአውስትራሊያው ትሪፕል ጄ ሬዲዮ ጣቢያ፣ አድማጮቹ የመረጧቸውን የዓመቱን 100 ዘፈኖች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየቆጠረ አሰማ። አንደኛ የወጣው «ሂት ዌቭስ» ነበር፤ የእንግሊዙ የግላስ አኒማልስ ባንድ ሥራ። በዚያ ወር ይህ ዘፈን የአሜሪካውን የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ ገና በታችኛው በር መግባቱ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ቁንጮ ላይ ለመቀመጥ 59 ሳምንት ፈጀበት። የደረሰው በመጋቢት 2022 ሲሆን፣ ቢልቦርድም የ2022 ቀዳሚ ዘፈን ብሎ መዘገበው። አውስትራሊያውያን የ2020 ምርጣችን ያሉትን ዘፈን፣ የዓለም ትልቁ የሙዚቃ ገበያ ቆጥሮ የደረሰበት ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው።

አንድ ምሳሌ ሕግ አይሆንም። አድማጭ አንደኛ ብሎት ዓመት ሳይሞላው የተረሳ ዘፈንም ሞልቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ማን ቀደመ የሚለው ሳይሆን፣ ሁለቱ ወገኖች የሠሩት ሥራ መለያየቱ ነው። ቢልቦርድ ቆጠረ፤ የትሪፕል ጄ አድማጭ መረጠ። ዛሬ እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደ አንድ እየታዩ መጥተዋል። ሰዎች የዓመቱን ዘፈኖች እያወዳደሩ «ይሄ ይበልጣል፣ ያኛው ያንሳል» ሲባባሉ የሚሠሩት ሥራ ግን ለቆጠራ የሚተው አይደለም። አድማጭ ስለ ወደደው ነገር ቃል ለማውጣት የሚገደደው እዚያ ላይ ነው። በአማርኛ ሙዚቃ ዙሪያ ይህ ልማድ ለቁጥር ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ አብሮት የሚሄደውም ቀላል ነገር አይደለም።

ቆጠራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተደመጠ አንድ ተብሎ ይያዛል። እንዴት ተደመጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካፌ ውስጥ ማንም ልብ ሳይለው የተከፈተው አንድ ነው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳያጠፋው የቀረው አንድ ነው። አንዲት ልጅ እናቷን በቀበረች ማግስት በር ዘግታ የሰማችውም ያው አንድ ነው። በትሪፕል ጄ ምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ከሰማው ሁሉ አሥር ዘፈን ብቻ ይፈቀድለታል። ስድስት ሰባቱ ቶሎ ይመጣሉ። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው፤ አሥረኛውን አስገብቶ አሥራ አንደኛውን ለማስቀረት ምክንያት ያስፈልጋል፣ ምክንያት ለማግኘት ደግሞ ሁለቱንም መልሶ መስማት ግድ ነው። ብዙ ሰው አንድን ዘፈን ለምን እንደወደደ የሚያውቀው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው።

የኒውዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ይህን ጭንቅ በነጥብ ያሰላው ነበር። ሮበርት ክሪስትጋው በ1970ዎቹ ያቋቋመው የሃያስያን ምርጫ ለእያንዳንዱ መራጭ 100 ነጥብ ይሰጥና ለአሥር አልበሞች አከፋፍል ይለው ነበር፤ ለአንዱ ከ30 በላይም ሆነ ከ5 በታች መስጠት አይቻልም ነበር። አንዱን አብዝቶ የወደደ ሰው ከሌሎቹ ላይ ቆርሶ መስጠት ነበረበት። ፍቅሩ ዋጋ ያስከፍለዋል ማለት ነው። ቆጠራ ውስጥ የሌለው ይህ ነው፤ አንድ ሰው ሺህ ዘፈን ቢያዳምጥ አንዱን መስማቱ ከሌላው ላይ ምንም አይቀንስም።

ምርጫው ሕይወት የሚኖረው ግን በዓመት ሲወሰን ነው። ይህን ሁለት ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ በሁለት አህጉር፣ በተለያየ ጊዜ ከልምድ ተምረውታል። ጆን ፒል በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ላይ «ፌስቲቭ ፊፍቲ» የተባለውን የአድማጮች ምርጫ በ1976 ሲጀምር፣ ሰዉ ከየትኛውም ዘመን የፈለገውን ይመርጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የሌድ ዜፔሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አንደኛ ወጣ። ከዚያ ፓንክ መጣና የእንግሊዝን ሙዚቃ ገለበጠው፤ በ1978፣ በ1979 እና በ1980 ሦስቱንም ጊዜ የሴክስ ፒስቶልስ «አናርኪ ኢን ዘ ዩኬ» አንደኛ ሆነ። አሮጌውን ሊያፈርስ የመጣው ዘፈን ራሱ የማይነቃነቅ ሐውልት ሆኖ ቁጭ አለ። በ1982 የዓመቱ ዘፈኖች ብቻ የሚወዳደሩበት ምርጫ መጣ፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ቀጠለ።

አውስትራሊያም ያንኑ መንገድ ሄደች። የትሪፕል ጄ ምርጫ በ1989 ሲጀመር የዘመናት ሁሉ ምርጫ ነበር። በ1989 የጆይ ዲቪዥን «ላቭ ዊል ቴር አስ አፓርት» አንደኛ ወጣ፤ በ1990ም ያው ራሱ። ከ1993 ጀምሮ ምርጫው በዓመቱ ዘፈኖች ተወሰነ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሆላንዶች ሌላውን መንገድ መርጠዋል። ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ከገና እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ በሬዲዮ የሚሰማው «ቶፕ 2000» የዘመናት ሁሉ ዝርዝር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንደኛው የኩዊን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ነው። ሰዉ ይወደዋል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይሰማዋል፤ እንደ በዓል ነው፣ በዓል ደግሞ በየዓመቱ ያው መሆኑ ደስታው ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ በእውነት የተናገረው በ2015 ነበር። በኅዳር ወር ፓሪስ በሽብር ጥቃት ደም ከፈሰሰባት በኋላ፣ በታኅሣሥ የሆላንድ አድማጮች የጆን ሌነንን «ኢማጂን» አንደኛ አደረጉት። ዘፈኑ የ1971 ነው፤ አንደኛ ያደረገው ግን 2015 ነው። የዘመናት ሁሉ ዝርዝር እንኳ ነፍስ የሚዘራው ያለንበት ዓመት ሲገባበት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የአድማጭ ምርጫ ንጹሕ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ተሳስቷል። በትሪፕል ጄ የ2014 ምርጫ የቴይለር ስዊፍት «ሼክ ኢት ኦፍ» እንዲገባ በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ተከፈተ፣ ንግድ ድርጅትም ገባበት፤ ጣቢያው ዘፈኑን ከውድድሩ አስወጣው። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ምርጫው ዓመታዊ ከሆነበት ከ1993 አንሥቶ አንዲት ሴት ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣችው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2019 ዝርዝር ነው፤ ቢሊ አይሊሽ፣ በ«ባድ ጋይ»። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ይህ የአድማጩ ጉድለት ነው፣ መሸፈንም የለበትም። ሆኖም ጉድለቱ በግልጽ የታየውና ሰው በየዓመቱ የተከራከረበት ምርጫ ስለሆነ ነው። ዝርዝሩ ስም ያለው፣ ቀን ያለው፣ «እኛ መረጥን» የሚል ባለቤት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ይወቀሳል። ቁጥርን የሚወቅሰው ማን ነው?

በ2021 ደግሞ ያ አድማጭ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። የቴም ኢምፓላን «ኤለፋንት» መልሶ የዘፈነውን የዘ ዊግልስን ቡድን አንደኛ አወጣው። ዘ ዊግልስ ከ1991 ጀምሮ ለሕፃናት የሚዘፍን ቡድን ነው። በ2021 ድምፅ ከሚሰጡት ወጣቶች ብዙዎቹ አፍ የፈቱት በእነሱ ዜማ ነበር። በጥራት ካየነው ከዚያ የተሻለ ዘፈን በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ ማለት ይቻላል። ግን ያ ትውልድ ወረርሽኝ ባስጨነቀው ዓመት መጨረሻ ወደ ልጅነቱ ዞሮ ያሳደጉትን ሰዎች አመሰገነ። ምርጫ እንዲህ ያለ ምስክርነት ይይዛል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ክርክር ቤት ድረስ የመጣው በአቤል ተስፋዬ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው፣ በአማርኛ አፉን የፈታው፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ ብሎ የሚያውቀው ድምፃዊ «ብላይንዲንግ ላይትስ»ን ያወጣው በኅዳር 2019 ነው። ዘፈኑ በሆት 100 አንደኛ ሆኖ የቆየው አራት ሳምንት ብቻ ቢሆንም፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ 57 ሳምንት፣ በሰንጠረዡ ላይ በጠቅላላው 90 ሳምንት ኖረ። ቢልቦርድ የ2020 ቀዳሚ ዘፈን አለው። በዚያው ዓመት በኅዳር የግራሚ እጩዎች ሲነበቡ ግን የአቤል ስም አንድ ቦታ እንኳ አልነበረም። በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም የአገሩ ሰዎች ተቆጡ፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የግራሚ አካዳሚ ስማቸው የማይታወቁ ሰዎች በዝግ በር እጩ የሚያጣሩበትን አሠራር ለአብዛኞቹ ዘርፎች አስቀረ።

እዚህ ላይ ቆጠራ ባለ ውለታ ነው። በዝግ በር የሚሰጥ ፍርድ ሲያጠፋ፣ በአደባባይ የቆመ ቁጥር ይመሰክራል። የአቤል ዘፈን የሰንጠረዥ ቁጥር ባይኖር ቁጣው ማስረጃ ባልኖረው። (ያን የ90 ሳምንት ክብረ ወሰን በኋላ በአንዲት ሳምንት የበለጠው ያው «ሂት ዌቭስ» መሆኑ ይገርማል።) ግን ቁጥሩ የሚመሰክረው ዘፈኑ መደመጡን ብቻ ነው። ሰው በቤቱ በተዘጋበት በዚያ ዓመት፣ ስለ ብቸኝነትና በሌሊት መኪና እየነዱ ስለ መሄድ የሚያወራ ዘፈን ለምን የሁሉም ሆነ? ይህን የሚመልሰው ሰው ነው።

አማርኛ ሙዚቃ ዛሬ የሚኖረው በአብዛኛው ዩቲዩብ ላይ ነው። አዲስ ሥራ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ይወጣና በሁለተኛው ቀን ጥያቄው «ስንት ቪው ገባ?» ይሆናል። የአንዱ ድምፃዊ ደጋፊ የሌላውን ደጋፊ የሚረታው በሚሊዮን ነው። ሚሊዮን ሲጠራ ክርክሩ ያልቃል፤ ችግሩም እሱ ነው። የቪው ቁጥር ቦሌ ያለውን ወጣት፣ ቴል አቪቭ ያለችውን ሴትና ዱባይ በሰው ቤት ሥራ ላይ ያለችውን ልጅ አንድ ላይ ይደምራቸዋል፤ አንዱ ለምን እንዳለቀሰበት፣ ሌላው ለምን እንደጨፈረበት ግን አይነግርም።

አማርኛ እኮ ለዚህ ክርክር የሚሆን ቋንቋ አለው። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ ከድምፃዊው ፎቶ ጋር የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤት ስም ይታተም ነበር። ስለዚህ አድማጩ ዘፈንን በጅምላ አይመዝንም፤ «ዜማው ጥሩ ነው፣ ግጥሙ ግን ሳስቷል» ይላል። «ቅንብሩ ድምፁን ዋጠው» ይላል። ይልማ ገብረአብ በግጥሙ፣ አበበ መለሰ በዜማው፣ ኤልያስ መልካ በቅንብሩ ከድምፃውያኑ እኩል ስም የያዙት እንዲህ የሚሰማ ጆሮ ስለነበረ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ አድማጭ አንድ ስንኝ ላይ ግማሽ ቀን ሲከራከር ይውላል። ደግሞም «አንጀት ይበላል» የሚባል መለኪያ አለ፤ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የማይገኝ፣ ግን ሁለት ሰዎች ሲናገሩት የሚግባቡበት። ይህ ሁሉ ቃል ሥራ የሚያገኘው ሰው ሲያወዳድር ነው። «ሃያ ሚሊዮን ገባ» ካለ በኋላ ስለ ቅንብሩ የሚያወራ የለም።

ምርጫው ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ለዛ የተባለው የሬዲዮ ፕሮግራም የዓመቱን አልበምና ነጠላ ዜማ በአድማጭ ድምፅ እያስመረጠ የሸለመበት የአድማጮች ምርጫ ሽልማት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም ወጥቶ የቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አናት ላይ ሲቀመጥ የነበረው ደስታም እውነተኛ ነው። ሆኖም ከዚያ አልበም የቱ ዘፈን ይበልጣል የሚለው ሙግት፣ በየቡና ቤቱና በየታክሲው የተደረገው፣ ከሰንጠረዡ ዜና ይልቅ ስለ ዘፈኖቹ ብዙ ይናገር ነበር። ያንን ሙግት የመዘገበው የለም።

የዓመቱ ድንበርም በአማርኛ አድማጭ ዘንድ የራሱ ጣጣ አለው። በነሐሴ መጨረሻ ለበዓል የወጣ አልበም ዓመቱ ሳይሰማው ዓመቱ ያልቃል፤ ብዙ ሥራ የሚወጣው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ትሪፕል ጄ ተመሳሳይ ችግር ስላለበት ዓመቱን ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ በመጨረሻ ሰዓት የወጣው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ለእኛም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢሆን፣ የበዓል ዘፈኖች ከበዓሉ ጫጫታ ወጥተው ዓመት ሙሉ ከተፈተኑ በኋላ ይመዘናሉ። በክረምቱ ዶፍም፣ በሠርጉ ወርም፣ በጾሙ ዝምታም አልፎ በሐምሌ የሚታወስ ዘፈን ከሳምንቱ ወሬ የተለየ ነገር ይዟል።

ነሐሴ ለማዳመጥ፣ ጳጉሜ ለመምረጥ ይበቃል። ጣቢያዎች አሥር አሥር ዘፈን እንዲላክላቸው ይጠይቁ፤ ከእያንዳንዱ ዝርዝር ጋርም አድማጩ ሊያስገባው ፈልጎ ያልቻለው አንድ ዘፈን ከነምክንያቱ ይላክ። ከዱባይ የሚመጣው ምክንያት ከጎንደር ከሚመጣው ጋር ጎን ለጎን ይነበብ። አንደኛው ዘፈን ሲታወጅ ከድምፃዊው ስም በፊት የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤቶች ይጠሩ፤ ከዚያ ዘፈኑ ይከፈት፣ እስከ መጨረሻው፣ አቅራቢው መሐል ላይ ሳያወራበት።