ዕድሩ ለአራስም ይድረስ

ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ የዕድሩ ትልልቅ ድስቶች ከዕቃ ቤት ይወጣሉ። ማን ንፍሮ ይቀቅላል፣ ማን ቡና ያፈላል፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል ብሎ የሚከራከር የለም። ተራው የታወቀ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። እዚያው ብሎክ ውስጥ አንዲት ሴት ወልዳ ስትመለስስ? ገንፎ ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፣ ሳምንት ያህል ሰው ገባ ወጣ ይላል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ውስጥ የቀረችው ሴት ግን ገና መቀመጥ እንኳ እያቃታት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ባለፈው አንድ ዓመት የወለዳችሁ፣ በአንድ ደረጃ የምትወጡና የምትወርዱ እናቶች፣ በዚህ ሳምንት ተፈላልጋችሁ ተራ ግቡ። የዕድር አባላት ደግሞ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ላይ ወሊድን አጀንዳ አስይዙ።

ድሮ ይህን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። በብዙ አካባቢ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ራስጌዋ ብረት ይደረጋል፣ አጠገቧ ሰው ይተኛል። ሽማግሌዎቹ ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ክፉ መንፈስ ነው። ምክንያቱን የፈለጋችሁትን በሉት፤ ሌሊት ደም ቢፈሳት፣ ትኩሳት ቢነሣባት፣ ዝም ብላ ማልቀስ ብትጀምር የሚያያት ሰው ነበር። ዛሬ ከፒያሳ የተነሣው፣ ከልደታ የወጣውና ከክፍለ ሀገር የመጣው ተከራይ ዕጣና ደላላ አገናኝቷቸው ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ አንድ ደረጃ ላይ ይኖራሉ። የአራሷ እናት ከጎጃም ወይም ከወሎ መጥታ ብትሰነብት እንኳ አዝመራ አላት፣ ከብት አላት፤ የልጁ ክርስትና ሳይደርስ ትመለሳለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ስሙን የማናውቀው ጎረቤት ግን የሚሻለው በምንድን ነው?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራስ ጠያቂ የገባበትን ቤት ተመልከቱ። ስድስት ሰው ሶፋው ላይ ተደርድሯል። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ "ቁርጥ አባቱን!" ይባላል። አራሷ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ ትነሣለች። የወለደችው በኦፕራሲዮን ስለሆነ ስፌቱ እንዳይለጠጥ በግማሽ ጎንበስ ብላ ከሰል ታያይዛለች፣ ረከቦቱን ታቀርባለች፣ ቡና ትቆላለች። እንግዶቹ "ኧረ ተይ፣ ምን አስቸገረሽ!" ይላሉ፤ ከሶፋው የሚነሣ ግን የለም። በረካው ሲቀዳ ሕፃኑ ያለቅሳል። ማጥባት አለባት፣ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ታፍራለች። እንግዳው ሲሄድ ሃያ ሲኒና ብርጭቆ ይቀራታል። ጥጉ ላይ ሕፃኑ በሦስት ወሩ የሚጠብበት ልብስ ተቆልሏል። አንድ ድስት ሽሮ ይዞ የመጣ የለም።

እኔ አራስ መጠየቅ ይቅር አልልም። ጥየቃው ይታረም ነው የምለው። ቡና የሚጠጣ ሰው ቡናውን ራሱ ያፍላ፣ ሲኒውንም አጥቦ ይሂድ። "ምን ላግዝሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ አበሻ ናትና "ምንም" ትላችኋለች። ጀሪካኑን አንሡ፤ የቆሸሸ ልብስ ያለበትን ሳፋ ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ወደ እናቶቹ። የአምስት ቀን ልጅ ላላት ሴት ከሁሉ በላይ የምትጠቅማት የአምስት ወር ልጅ ያላት ጎረቤቷ ናት። አክስቶቻችን ልባቸው ሰፊ ነው፣ ግን ያጠቡት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ይቺኛዋ ጡቷ ቆስሎ ያለቀሰችበትን ቀን አልረሳችም፤ የትኛው ጤና ጣቢያ በየትኛው ቀን እንደሚከትብ ታውቃለች፤ ሕፃን ሌሊቱን ሁሉ ሲያለቅስ ባል ምን እንደሚል እንኳ ታውቃለች። አራት ወይም አምስት ከሆናችሁ ይበቃል። ቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ቀላል ነው፤ የበዓል መልካም ምኞት መላላኪያ ሆኖ እንዳይቀር ግን መጀመሪያ ቤት ለቤት ተያዩ።

የመጀመሪያው ሥራ እንቅልፍ ነው። ጠንከር ያለችው እናት ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት የሚያለቃቅሰውን ሕፃን አቅፋ ትቀመጥ፤ አራሷ ስልኳን ዘግታ ትተኛ። ሁለት ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ለአራስ ምን ማለት እንደሆነ የወለደች ታውቃለች። ሁለተኛው ውኃ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራስ ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ ማየት ለብሎኩ ሁሉ ነውር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲንፎለፎል ቀድማ የምትሰማው ነቅታ የምታጠባዋ ናት። ትደውል፤ መቅዳትና መሸከሙ የባሎች ይሁን። ምግቡም በተራ ይሁን፤ ለራስሽ ከሠራሽው ላይ አንድ ጭልፋ መጨመር እንጂ ድግስ አይደለም።

ክትባት አብራችሁ ሂዱ። ሲወለድ ከሚሰጠው በኋላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወር ቀጠሮ አለ። አንዷ ወረፋ ስትይዝ ሌላዋ ሕፃናቱን ጥላ ሥር ትይዛለች፤ አንዷ ቀኑን ብትረሳ ሌላዋ ታስታውሳለች። የእናቲቱ የራሷ ምርመራም አለ፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ተመላልሳ መታየት አለባት። አብዛኛውን ጊዜ ይህኛው ነው የሚዘለለው፤ ሕፃኑ ደህና ከሆነ እናቱን ማን ያስታውሳል?

ጡት ማጥባት ላይ የጎረቤት ዓይን ብቻ ይበቃል። ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ከጎረሰ እናቱን ያቆስላል፣ እሱም አይጠግብም። አፉ በሰፊው ተከፍቶ፣ አገጩ ጡቱን ነክቶ፣ ጥቁሩን ክፍል ጭምር ሲጎርስ ነው ትክክሉ። "ወተቴ አልወርድ አለ" የምትል እናት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋት ቶሎ ቶሎ ማጥባትና የሚያበረታታት ሰው ነው፤ የቆርቆሮ ወተት ልትገዛ ከመሮጧ በፊት ጤና ባለሙያ ይያት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልበል፤ መደጋገፍ ማለት የሰማነውን ሁሉ መምከር አይደለም። እንገሩ ቆሻሻ ነው ብሎ ማስደፋት፣ ገና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውኃ ማጠጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ በፍቅር የሚደረጉ ጉዳቶች ናቸው። እስከ ስድስት ወር ሕፃኑ ከእናት ጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ እንገሩ ደግሞ በሽታ የሚከላከልለት የመጀመሪያ ምግቡ ነው። የቡድኑ አባላት ምክር መስጠት ትተው ተሸክመው መሮጥ የሚኖርባቸው ጊዜም አለ። እናቲቱ ደሟ ከበዛ፣ ካተኮሳት፣ ራስ ምታቱ ከጠናባትና ዓይኗ ብዥ ካለ፣ አንድ እግሯ ካበጠ፣ ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ካተኮሰው፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ ነገ አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በየበራችሁ ጀርባ ለጥፉት። መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ እወቁ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አይጠየቅም።

ሌላ የሚደበቅ ነገር አለ። ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሆድ የሚብሳት፣ ያለምክንያት የምታለቅስ ሴት ብዙ ናት፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ፣ እንቅልፍ ቢመቻችላትም መተኛት ካቃታት፣ ልጇን ስታይ ምንም ካልተሰማት፣ "ባልወለድኩት" ካለች፣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። እኛ ቤት ይህ "ቀበጠች" ወይም "ምስጋና ቢስ ናት" ይባላል። አይባል። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካነሣች ለአንድ ደቂቃ ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጎን ይሄዳል፤ ሕክምናውን አይተካም። እንዲህ ያለውን ነገር ለባሏም ለአማቷም የማትነግር ሴት አብራት ለምታጠባ ጓደኛዋ ልትነግር ትችላለች፤ ቡድኑ ሌላ ምንም ባይሠራ ለዚህ ብቻ ቢቋቋም አይበዛበትም።

አባቶችን አልረሳሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቶታል። ትንሽ ነው፤ ያንኑም የማይጠይቅ ብዙ ነው። ውሰዱት፤ ወስዳችሁም እንግዳ ስታስተናግዱ አትዋሉበት። ለእናት ያው አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። ዘጠናው ሲቆጠር ሦስት ወር ተኩል፣ ቢበዛ አራት ወር ግድም ነው፤ ልጁ ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ግን ስድስት ወር። በመሐል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ማን ነው? ሥራ የምትገባ እናት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ትሄዳለች፤ ሙቀት በሌለበት ክፍል አራት ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ጡጦ የግድ አይደለም፤ በንጹሕ ሲኒ ቀስ እያሉ ማጠጣት ይቻላል። ቤት የምትውል የቡድኑ አባል የቤት ሠራተኛዋን ይህን ብታለማምድላትና በቀን አንዴ ብቅ ብላ ብታይላት ሥራ ላይ ያለችው እናት ሐሳቧ ግማሹ ይቀላል። ሠራተኛ ያላችሁ አሠሪዎችም ቁልፍ ያለው አንዲት ጠባብ ክፍልና ወንበር አዘጋጁ፤ እናት ወተቷን መጸዳጃ ቤት ቆማ አትለብ።

ገንፎ ያልተገነፋላት ሴትም አለች። ያለ ባል የወለደች፣ ከዓረብ አገር ፀንሳ የተመለሰች፣ ሰው ቤት ስትሠራ ወልዳ የተባረረች፣ ባለፈው ወር ተከራይታ የገባችና ማንም ያላወቃት። መጀመሪያ የሚንኳኳው የእርሷ በር ይሁን። የልጁ አባት ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጀሪካን አልያዘም ማለት ነው፤ ይመለስ።

ወደ ዕድሩ ልመለስ። "ዕድር የለቅሶ ነው፤ ለወሊድ ከጀመርን ለሠርግም በሉን" የሚል ዳኛ እንደሚኖር አውቃለሁ። ኤችአይቪ ከተማችንን በጎዳበት ዘመን ግን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀብር ሳይጠብቁ በሽተኛ አስታምመዋል፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ደግፈዋል። ያኔ ደንባቸውን ያሰፉት ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መድረስ እንደማይበቃ ስላዩ ነው። የምጠይቀው ገንዘብም ብዙ አይደለም። በብሎኩ ውስጥ ሴት ስትወልድ ለአርባ ቀን ውኃ የሚያመላልስ ጎረምሳ ይከፈለው፣ ሌሊት ሆስፒታል መሄድ ቢያስፈልግ ለመኪና የሚሆን ብር በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጥ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባለበት ብሎክ ይህ ማንንም አያጣላም፤ አቂቃ ያለውም ክርስትና ያለውም ቤት ጀሪካኑ አንድ ነው።

ለስብሰባው አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይግቡ፤ ሕፃን ቢያለቅስም አይውጡ። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ እንዲጨመር የሚጠየቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ለጸሐፊው ይሰጥ፦ "ዕድሩ በብሎኩ ውስጥ ለወለደች እናት ሁሉ፣ አባል ብትሆንም ባትሆንም፣ ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ለአርባ ቀን የውኃ፣ የምግብና የአስታማሚ ተራ ያወጣል።" እጅ ይውጣ፣ ይቆጠር፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ካልጸደቀ በሚቀጥለው ወር እንደገና አንሡት፤ እስከዚያው የእናቶቹ ተራ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።