ከአስፋልቱ ወዲህ ያለችው ሦስት ኪሎ ሜትር

ከሱዳኗ ገዳሪፍ በዶካ አድርጎ ገላባት የሚደርሰውን፣ ድንበሩንም ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የሚገባውን አስፋልት የማያመሰግን የለም። ሰሊጡም ማሽላውም የሚወጣው፣ በሽተኛውም ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በእሱ ነው። የተማሪ መንገድ ሲነሣ ግን ልቤ የሚሄደው ከአስፋልቱ ወዲህ ወዳለችው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ወላጆቼ ሱዳን ገቡ። አባቴ ዶካ አካባቢ በማሽላ እርሻ የቀን ሥራ ያዘ፤ እኔም እዚያው አደግሁ። በመንደራችንና በትምህርት ቤቱ መካከል ባለችው በዚያች ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሱዳኖች «ኮር» የሚሉት በጋ ደረቅ፣ ክረምት ደራሽ የሆነ ወንዝ ነበር። ትምህርት የሚከፈተው ደግሞ ከክረምቱ ጋር ነበር። የገዳሪፍ አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዝናብ ሲነካው አብጦ እንደ ሊጥ ይይዛል። ጫማችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንሄድ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር እማዬ በር ላይ ቆማ፣ «አንተ ሂድ፣ እሷ ትቅር» ትላለች። እህቴ በሦስተኛው ክረምት ጨርሳ ቀረች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ነበረች። ዛሬ የልጆቿን ደብተር ስታይ ማርኩን ታነባለች፤ ጽሑፉን ግን ለእኔ ትሰጠኛለች።

እማዬን አልወቅሳትም። ውኃውን አይታ ነው።

አሁን የማስተምረው መተማ በኩል ነው። አፈሩ ያው ዋልካ ነው፤ ጓንግ የሚባለው ወንዝም ያው ነው፣ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል እንጂ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ ማገናኘት ሲይዝ ለእኛም ደረሰን። በመስከረም ወንበር ባዶ መሆኑ ቀረ፤ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉት ሴቶች ልጆች መምጣት ጀመሩ። መምህራንም ዝውውር መጠየቁን ቀነስ አደረግን። በሁለተኛው ክረምት ግን ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ አንድ ቱቦ በደለል ተደፈነና ውኃው መንገዱን ቆረጠው። ዋልካ ላይ መንገድ የሚገድለው ከመኪናው ይልቅ መውጫ ያጣ ውኃ ነው። ያን ሰሞን ከማዶ የሚመጡት ልጆች ቀሩ፤ መጀመሪያ የቀሩትም ሴቶቹ ናቸው።

እኛን ያስጠጋችን ገዳሪፍ ከዚያ ወዲህም ብዙ ሰው አስጠግታለች። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱት በኡም ራኩባና በቱናይድባህ የስደተኞች ካምፖች ሰፈሩ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከካርቱም የሸሹት መጡባት፣ ትምህርት ቤቶቿም መጠለያ ሆኑ። ሰላም ወርዶ ደወል ሲደወል የእነዚያ ሰዎች ልጆች የሚረግጡት ይህንኑ ዋልካ ነው።

መንገድ የምትቀይሱ ሰዎች ሆይ፣ ገንዘቡ ካጠረ ርዝመቱን ቀንሱ፤ መሻገሪያውንና ቱቦውን ግን አትቀንሱ። ከመቀየሳችሁ በፊት የመንደሩን እናቶች፣ ልጃቸውን የሚያስቀሩት የትኛውን ወንዝ ፈርተው እንደሆነ ጠይቁ፤ ሥራውንም ከዚያ ጀምሩ። የተሠራው ቱቦም ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጠረግ።